ዳቦ የማይጋገርበት ምድጃ

ሜልበርን ውስጥ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ከቤቱ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ያወጣዋል። ካውንስሉ፣ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት፣ በመኪና መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ወንበሩም፣ ፍራሹም፣ ማጠቢያ ማሽኑም እዚያው ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅበታል። ባለቤቴ ይህን ዕቃ የሚጣልበትን ሰሞን አትወደውም፤ ምክንያቱም እኔ ከሥራ ስመለስ ባዶ እጄን አልገባም። «ይሄ ደግሞ ምን ሊሆንልህ ነው?» ትለኛለች። ብዙውን ጊዜ መልስ የለኝም። የተዘጋ ነገር ሳይ ውስጡን ካላየሁ አያስችለኝም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ያን ጊዜ ግን መልስ ነበረኝ። በሰፈራችን በትሩጋኒና፣ ከእኛ ቤት ጀርባ ባለው መንገድ ላይ፣ እስከ ደረቴ የሚደርስ የብረት ቁም ሣጥን፣ ቢሮ ውስጥ ፋይል የሚቀመጥበት ዓይነት፣ ተገትሮ አገኘሁ። ከጎኑ የበሩ መስታወት የተሰነጠቀ የኤሌክትሪክ ኦቨን ተጥሏል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው ሎተሪ የወጣልኝ ነው የመሰለኝ። መኪናዬን አቁሜ፣ ወገቤ እስኪቀነጠስ ታግዬ ጫንኳቸው። ለጠመንጃዬ ምድጃ ልሠራ ነበር።

ጠመንጃ ስል አንባቢዬ እንዳይደነግጥ። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። እዚያ አብሮኝ የሚሠራ አንድ አውስትራሊያዊ ሽማግሌ ወደ ተራራው አገር ይዞኝ ሄዶ የአጋዘን አደን አስለመደኝ። ኮርሱን ወስጄ፣ ፈቃዱን አውጥቼ፣ በቡሎን ግድግዳ ላይ የታሰረ የብረት ካዝና ካስገባሁ በኋላ ነው ጠመንጃው ቤቴ የገባው። ያን ቀን ማታ ባለቤቴ «ከጠመንጃ ሸሽተን መጥተን፣ አንተ በገዛ እጅህ ታስገባልኛለህ?» ብላ አለቀሰች። የሱዳንን ድንበር በእግሯ ያቋረጠች ሴት ናት፤ አልፈርድባትም። ሥጋው ሲመጣ ግን የአጋዘን ሰኮና ስንጥቅ መሆኑን፣ ማመስኳቱንም ጠይቃ ካረጋገጠች በኋላ ጥብሱን ከሁላችንም ቀድማ ቀመሰች።

ጠመንጃው ያገለገለ ነው። የቀድሞ ባለቤቱ ውቅያኖስ አጠገብ ይኖር ስለነበር ጨው ያለበት አየር ብረቱን በልቶታል። ባለሙያ ጋ ወስጄ ላስቀባው ብል የተጠየቅኩት ዋጋ ከጠመንጃው ይበልጣል። ሽማግሌው ሳቀብኝና «ራስህ ቀባው፣ ከዚያ ጋግረው» አለኝ። ብረት ይጋገራል እንዴ? ያቺ ቃል ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። አንብቤ እንደተረዳሁት ጠመንጃ የሚቀባበት ሽፋን እንደ ተራ ቀለም በአየር ብቻ አይጠነክርም። በስሱ ይረጫል፣ ቀጥሎ መቶ ሃያ ዲግሪ ገደማ በሆነ የተረጋጋ ሙቀት ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ያኔ ከብረቱ ጋር ይያያዝና ዝገት አላስገባም ይላል። ሲሞቅ የሚወጣው ትነት ግን ለሰው አይሆንም። ምግብ የሚሠራበት ኦቨን ውስጥ በፍጹም እንዳይገባ የሽፋኑ ጣሳ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን፣ ምግብ የማይደርስበት ሌላ ምድጃ ያስፈልጋል ማለት ነው።

አማቴ ከአዲስ አበባ የመጡት በዚያው ወቅት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ባለቤቴ አንድ ልጃቸው ናት፤ ለዓመታት ተለያይተው ነው የተገናኙት። እንግዲህ እናቷን ምን ላድርግልሽ፣ የት ላስቀምጥሽ ሆነ ሥራዋ። ሳህን ሊያጥቡ ሲነሱ «እማዬ ተቀመጪ፣ የሠራሽው ይበቃሻል!»፤ ልብስ ሊያጥፉ ሲሉ «ኧረ ተዪው እማዬ፣ እረፊ!» ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመጣ አያቷን ስማ «አይም ጉድ፣ ታንክ ዩ» ትላቸውና ክፍሏ ትገባለች። አማቴ ሳሎን መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ከመስኮቱ የሚታየው አጥር ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሌላ አጥር።

ሳይቆዩ እሄዳለሁ ማለት ጀመሩ። ቪዛቸው ገና ብዙ ጊዜ ነበረው፤ እሳቸው ግን «የማርያም ማኅበር ተራችሁን ላውጣና ቤቴ ልግባ» አሉ። ባለቤቴ ፊታቸው ሳቀች፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ ስታለቅስ ሰማኋት። እናቷን እንደገና መቼ እንደምታገኛት አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቁም ሣጥኑን አሮጌ ቀለም እየፋቅኩ ሳለ አማቴ የጋራዡ በር ላይ ብቅ አሉ።

«ምንድን ነው የምትሠራው ልጄ?»

«ኦቨን ነው እማማ።»

«ኦቨን! ይሄን የሚያክል?» ነጠላቸውን አጣፉና ገቡ። ቁም ሣጥኑን ዞሩት። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወርዱን ለኩት፣ እጃቸውን እንደዘረጉም ወደ እኔ ዞሩ። «ድፎው ያለ ጭንቅ ይገባዋል እኮ! እኔ በዚያች ጠባብ ኦቨናችሁ የማኅበሩን ዳቦ እንዴት አድርጌ እጋግረዋለሁ እያልኩ ስጨነቅ፣ አንተ ለካ… እጅህ ይባረክ! የአብርሃም የሣራ ቤት ያድርግላችሁ!»

አፌን ከፈትኩ። አይደለም እማማ፣ ይሄ ለጠመንጃ ነው ለማለት ነው የከፈትኩት። ባለቤቴ ግን ከኋላቸው ደርሳ ኖሮ «እማዬ፣ እንግዲያው ኦቨኑ እስኪያልቅ ትቆያለሽ ማለት ነው?» አለች።

«ሳላየውማ ወዴት እሄዳለሁ!»

የባለቤቴን ፊት አየሁና አፌን መልሼ ዘጋሁት። በኋላ ብቻችንን ስንሆን «ምግብ አይገባበትም እኮ፣ መርዝ ነው» ብላት «አውቃለሁ፤ ዳቦውን ፉትስክሬይ ካለው የሐበሻ ዳቦ ቤት አዝዣለሁ፤ አሁን ግን አትንገራት፣ ትንሽ ትልመድ» አለችኝ። ይሉኝታ የሚባለው በሽታችን እንዲህ ነው የሚጀምረው። አንዷን እውነት ለነገ ስናሳድራት በማግስቱ እሷን ለመናገር ሁለት እጥፍ ድፍረት ይፈልጋል። ብቻ እኔ ለራሴ ማልኩ፦ አንዲት ቁራሽ ዳቦ እዚያ ውስጥ አትገባም።

አማቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ከጋራዡ አልጠፉም። ጥያቄያቸው አያልቅም፤ እኔም ጥያቄ የሚወድ ሰው ስለሆንኩ ተገጣጠምን። ግድግዳውን ለምን ድርብ አደረግከው? በሁለቱ ቆርቆሮ መካከል ያለው ጥጥ የሚመስል ነገር ምንድን ነው? ሙቀት አላስወጣም የሚል የድንጋይ ጥጥ ነው እማማ፣ ቆዳ ስለሚያሳክክ በእጅዎ እንዳይነኩት። ጣሪያው ላይ ለምን ቀዳዳ አበጀህለት? እውነቱ ለመርዙ ትነት ነው፤ እኔ ግን «እንፋሎት እንዲወጣ» አልኳቸው፤ እሳቸውም ዳቦ እንፋሎት እንደሚያወጣ ስለሚያውቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እጄ ሲሞላ ባትሪውን እንዲያበሩልኝ፣ ሜትሩን በአንድ ጫፍ እንዲይዙልኝ እጠይቃቸዋለሁ። «እማማ ይቺን ይያዙልኝ። እማማ ወደ ግራ ያብሩልኝ።» አስቤበት አልነበረም፤ ሁለት እጅ ስላልበቃኝ ነው። ጠመንጃው ያለበትን ካዝና ግን ፊታቸው ከፍቼ አላውቅም። ፈቃድ የሌለው ሰው እንዲነካው ሕጉም አይፈቅድም።

ኤሌክትሪኩን ራሴ አልነካሁትም። እዚህ አገር ሽቦ የሚያገናኘው ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ ባይከለከልም እኔ በሕይወቴ አልቀልድም። ከቤተ ክርስቲያን የማውቀው ኤሌክትሪሺያን ከሥራ ሲመለስ ጎራ አለልን። ከተጣለው ኦቨን ያወጣሁትን ማሞቂያ መርምሮ ገጠመው፣ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ በራሱ የሚያጠፋ ቆራጭም ጨመረልኝ። ሲጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየና «ለምንህ ነው ግን እንዲህ ያለ ትልቅ?» አለኝ።

«ለማርያም ማኅበር ነው!» አሉ አማቴ በኩራት።

ሰውዬው እኔን አየኝ። መደርደሪያው ላይ ያለውን የሽፋን ጣሳና ያንጠለጠልኩትን የመርጫ ጭምብል አየ። ወደ እኔ ተመለሰ። በዓይኔ ለመንኩት። «እ… ትርዳን» አለና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ላይ ሊያየኝ አልፈለገም፤ አሁን ሳስበው ሳቁን ፈርቶ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያበራነው ባዶውን ነው። የጋራዡን በር እስከ ላይ ከፈትኩ፣ አንድ ቴርሞሜትር ከላይ አንድ ከታች ሰቀልኩ፣ አማቴ ደግሞ ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ወንበር ይዘው በመነጽራቸው ቁጥሩን ያነቡልኛል። ማዞሪያው መቶ ሃያ ይላል፤ የላዩ ቴርሞሜትር ከዚያ አልፎ ሄዷል፣ የታቹ ገና ወደ መቶም አልተጠጋም።

«የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል» አሉ አማቴ። «ይሄን ለስንት ልጅ አስተምሬአለሁ መሰለህ! መጽሐፉ ላይ ሥዕል አለው፣ ቀስት ወደ ላይ። በዓይኔ ሳየው ግን ገና ዛሬ ነው።» እንደ ልጅ ነበር የተገረሙት። እኔም ደስታቸው ተጋባብኝና ሁለታችን አንዴ የላዩን፣ አንዴ የታቹን እየጠራን ቆየን። ከተጣለው ኦቨን ጀርባ የነቀልኩት ማራገቢያ ትዝ አለኝ። ኤሌክትሪሺያኑን መልሼ ጠርቼ አስገጠምኩት፤ አየሩ ሲዞር ላይና ታቹ ተቀራረበ። የዚያን ቀን አማቴ ራት ላይ ለልጃችን ነገሩን በሹካና በማንኪያ አስረዷት። ልጅቱም «ሪሊ?» አለችና ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ተቀመጠች። ባለቤቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረገችኝ፤ አየህ፣ ልትቆይ ነው ማለቷ ነበር።

ማኅበሩ እሑድ ነው። ዓርብ ከሥራ ስመለስ ጋራዡ ሎሚ ሎሚ ሸተተኝ። አማቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው የምድጃውን ውስጥ በሙቅ ውሃና በሎሚ አጥበውታል። መደርደሪያው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ኮባ ስለማይገኝ ከቬትናሞች ሱቅ ያስገዙትን የሙዝ ቅጠል ዘርግተው እየለኩ ነበር።

«መጣህ? ሊጡን ነገ ነው የማቦካው። እስከዚያ ይድረቅ ብዬ ነው።»

ከዚህ በላይ የሚቆይ ነገር አልነበረም።

«እማማ፣ እዚህ ውስጥ ዳቦ አይገባም።»

«ለምን? አልጠራም?»

«አይደለም። ከመጀመሪያውም ለዳቦ አልነበረም። ለጠመንጃዬ ነው የሠራሁት። የሚቀባው ነገር ሲሞቅ መርዝ ይወጣዋል። ብረቱ ራሱም ከመንገድ ያነሳሁት ነው፣ በፊት ምን እንደነበረበት አላውቅም። ምግብ በፍጹም አይገባበትም።»

የሙዝ ቅጠሉን ቀስ ብለው አጠፉት። አንዴ አጠፉት፣ ደገሙት፣ ትንሽ እስኪሆን ድረስ።

«እሷም ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ጥሩ» አሉና ገቡ። ራት አልበላም አሉ። ክፍላቸው ውስጥ ቁም ሣጥን ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማን፤ ቀጥሎ ሻንጣ መሬት ላይ ሲጎተት። ባለቤቴ «ነገርካት?» አለችኝ። «ዳቦ ልትጋግርበት ስትል ዝም ልበል?» አልኳት። «ዝም በል አላልኩህም» አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ተናደድኩ፤ በእሷም በራሴም። እናቷን ያባረርኳቸው እኔ ሆኜ አደርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ሥራዬን ጀመርኩ። ከካዝናው ያወጣሁት የሚቀቡትን ብረቶች ብቻ ነው፤ ጥይቱ እንደተቆለፈበት ነው። ዘይታቸውን አስለቅቄ፣ የተመዘገበበት ቁጥር እንዳይደፈን ሸፍኜ፣ ጭምብሌን አጥልቄ በስሱ ረጨሁ። ወዲያው ምድጃ ውስጥ አይገባም፤ ሽፋኑን ያቀጠነው ፈሳሽ እስኪተን ክፍት አየር ላይ መቆየት አለበት፣ አለዚያ ትነቱ ሙቀት ሲያገኝ እሳት ሊይዝ ይችላል። ጠብቄ በሽቦ አንጠለጠልኳቸውና ምድጃውን ዘግቼ አበራሁ። ምድጃው ላይ ዳቦና ምግብ አይገባበትም የሚል ወረቀት በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለጠፍኩ። መጀመሪያ መለጠፍ የነበረበት ወረቀት ነው።

ቀና ስል አማቴ ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ወንበራቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ምን ያህል ይቆያል?»

«ሁለት ሰዓት ገደማ። እማማ፣ ሽታው ስለማይሆንዎ አይቅረቡ።»

«አልቀርብም። ከዚህ አየዋለሁ።» ነፋሱ በጀርባቸው በኩል እንዲሆን ወንበሩን አዙረው ተቀመጡ። እኔም ጭምብሌን አውልቄ ወጣሁና አጠገባቸው ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። ነገሩን እኔው ጀመርኩ።

«ቀድሜ መንገር ነበረብኝ። ለዳቦው ብለው የሚቆዩ መስሎን፣ ከነገርንዎ ይሄዳሉ ብለን ፈርተን ነው። እሷ በጣም ነው የፈራችው።»

«ለዳቦው?» ዞር ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ እኔ ለዳቦ ብዬ ነው እንዴ ጋራዥ ስውል የከረምኩት? ዳቦ ከሱቅም ይመጣል። ቤት ውስጥ ሁሉም ተቀመጪ ይለኛል። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ተቀመጪ፣ ተቀመጪ፣ ሰው ተቀምጦ ምን ይሆናል? በዚህ አገር ይያዙልኝ ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ትናንት ደግሞ አንተም ስታታልለኝ ኖረሃል ለካ አልኩ። ቢቸግረው፣ እርዳታዬ ሳያስፈልገው የማግዘው አስመስሎ ነው ብዬ።»

«ኧረ በማርያም! ሁለት እጅ ስላልበቃኝ ነው እኮ!»

«እውነትህን ነው?»

«ማራገቢያውን ያሰብኩት እርስዎ ቁጥሩን ስላነበቡልኝ ነው።»

የሚያዩት ከእኔ ትከሻ በላይ ነበር። ዞር ስል ባለቤቴ የቤቱ በር ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም፤ ፊቷን ሳይ ግን የሰማችው ከበቂ በላይ መሆኑ ገባኝ። ስልኳን ጨብጣለች። እናቷን አቅፋ ታለቅሳለች፣ ይቅርታ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላደረገችውም።

«እማዬ» አለች። «ያዘዝኩትን ዳቦ ሰርዤዋለሁ። ነገ ሰው ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ማቡካት አልችልበትም። ምን ላድርግ?»

አማቴ እንደዚያ ፈጥነው ሲነሱ አይቻቸው አላውቅም። «አሁን ነው የሚሰረዘው? ዱቄቱ ተነፍቷል?»

«አልተነፋም።»

«እርሾውስ?»

«ምንም የለም።»

«ምንም የለም ትለኛለች! በዚያች ጠባብ ኦቨን ሁለት ቦታ ከፍለን እንጋግራለን፣ ማርያም አትቆጣም። ለሚቀጥለው ተራችሁ ግን ትልቅ መጋገሪያ እፈልጋለሁ፣ ንጹሕ፣ ጠመንጃ የማያውቀው!» ይህን ያሉት ለእኔ ነው፣ ጣታቸውን ቀስረው። የሚቀጥለው ተራችን የሚደርሰው ከመመለሻ ቲኬታቸው ቀን ብዙ አልፎ ነበር። ባለቤቴ አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

ተያይዘው ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ከኩሽናው የአማቴ ድምፅ ተሰማኝ፤ ልጃችንን በስሟ ጠርተው ወንፊት አምጪ ይላሉ፣ ልጅቱም በአማርኛ «የቱ ነው ወንፊት?» ትላለች። የምድጃውን ሙቀት የማነብበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ጭምብሌን አጥልቄ፣ በአንድ እጄ ባትሪውን፣ በሌላው መነጽሬን ይዤ ጎንበስ አልኩ፤ ቁጥሩን የምጽፍበትን ወረቀት ደግሞ የት ላድርገው፣ በጥርሴ እንዳልይዘው ጭምብሉ አለ። የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም። እንደዚያን ቀን ብቻዬን መቅረት ደስ ብሎኝ አያውቅም።